የኢስራ መርዶ

«ምነው ይቺ ልጅ ትስቃለች?»

ጠያቂዋ ከዋጃ የመጣች የሩቅ ዘመድ ናት። ገና ከባጃጅ ወርዳ አልቅሳ ሳትጨርስ፣ ከድንኳኑ ደጃፍ የቆመችውን ልጅ አየችና እንባዋ ቀጥ አለ። ኢስራ እውነትም ትስቃለች። ስምንት ዓመቷ ነው። የኢድ ቀሚሷን ራሷ ከሳጥን አውጥታ ለብሳለች። በደሴው መንገድ ከሮቢት በኩል ሚኒባስ ብቅ ባለ ቁጥር በእግሯ ጣቶች ቆማ አንገቷን ታሰግጋለች፤ ሳይቆም ሲያልፍ ደግሞ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ቀጣዩን ትጠብቃለች።

«አትሰማም» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ሀስና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስትወለድም እንዲሁ ናት። አክስቷ መሞቷን የነገራት የለም።»

«ኧረ በአላህ! እስከ ዛሬ?»

«በምን ይነገራት ታዲያ?»

ራቢዓ ይህን ሁሉ ትሰማለች። የሟች ታላቅ እህት እሷ ናት፤ የልጅቱም እናት እሷው ናት። የሚመጣው ሰው ሁሉ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ይላታል፤ «አሚን» ትላለች፤ ዓይኗ ግን ከልጇ ጀርባ አይነቀልም። እህቷን ዚነትን መቅበር ተችሏል። ለኢስራ መንገር ነው ያልተቻለው።

እኛ አገር መርዶ ወግ አለው። ማለዳ ነው የሚነገር። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ይሄድና፣ የሚረዳውን ሰው ግራና ቀኝ ይዘው፣ አንደበቱ የለዘበ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ይናገራል። ለኢስራ የሚመረጠው ሽማግሌ ማን ይሁን? ቆቦ ከተማ ውስጥ ከዚች ልጅ ጋር የልብ የልቧን የምታወራ አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም ሞተች። እንግዲህ ፍረዱ።

ዚነትን የጣላት ወባ ነው። በጥቅምት ቆላው ሁሉ ትኩሳት ነው፤ ማን ቁም ነገር ይለዋል? ሰኞ ራሴን አለች፣ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ አለፈች። ጀናዛው ሲታጠብ ኢስራን እትዬ ሀስና ቤት ወሰዷት። ልጅ አይይ ተብሎ ነው፣ በደግነት። ወንዶቹ ቀብረው እስኪመለሱ እዚያ ቁጭ ብላ ጥንቅሽ ስትመጥ ዋለች። ጆሮ የሌላትን ልጅ ዓይኗንም ጨፈኑባት። ያን ሰዓት ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ራቢዓም አላሰበችውም።

ማታ ስትመለስ ኢስራ ትንሿን ጣቷን አቁማ አገጯን ነካች። ይህ የዚነት ስም ነው፤ ዚነት አገጯ ላይ ጥቁር ነጥብ ነበራት። ከዚያ መዳፎቿን ገልብጣ ጠየቀች፦ የት አለች?

ራቢዓ የምታውቃቸው ምልክቶች ብይ፣ ነይ፣ ተኚ እና እምቢ ናቸው። ተኝታለች ብትላት ሮጣ ልትቀሰቅሳት ነው። ጨነቃት። ሌላ ሲጠፋት እጇን ወደ አስፋልቱ ዘረጋች፤ ሄደች ለማለት።

የኢስራ ፊት በራ። ሄደች ማለት ለእሷ ስልጠና ማለት ነዋ! ዚነት ሳትታመም በፊት፣ ደሴ ለስልጠና ልትሄድ መሆኑን ራሷ በእጇ ነግራታለች። ልጅቱ ምኗ ሞኝ ነው? የተነገራትን ነው የምትጠብቀው።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ዚነት የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለልዩ ፍላጎት ስልጠና የሚላክ መምህር ሲፈልግ ሁሉም ዘወር ዘወር አለ። «የደንቆሮ አስተማሪ ሆኜ ልቅር?» ያለም ነበር። ዚነት እጇን አወጣች። ያኔ ኢስራ አንዲት ቃል የላትም። የምትፈልገውን ማንም ሳይገባው ሲቀር ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር ታጋጭ ነበር፤ ራቢዓም አቅፋት ታለቅሳለች፤ ሌላ ምን ትሥራ?

ዚነት ከደሴ የመጣች ዕለት ልጅቱን ጥንቅሽ ይዛ አገኘቻት። ምልክቱን ልታሳያት እጇን አነሳችና ቀረች። ያሰለጠኗት ሰዎች የጥንቅሽ ምልክት አላስተማሯትም። ኢስራ የአክስቷን እጅ አየት አደረገች፤ ከዚያ ክንዷን በጎን ጥርሷ ይዛ እንደ መላጥ አለች። ዚነት በሳቅ ፈረሰች። በሚቀጥለው ክረምት ያን ምልክት ይዛ ሄዳ ለአሰልጣኞቿ አሳየቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ውላቸው ይሄ ሆነ። ዚነት ስትሄድ የኢስራን አንድ ቃል ይዛ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሰማያዊ ቦርሳዋን ሞልታ ትመጣለች። ቦርሳውን ከፈት ታደርግና እጇን ትከታለች፤ ባዶ እጇን አውጥታ አዲስ ምልክት ትሠራለች። ደግሞ ትከታለች፣ ደግሞ ታወጣለች። ኢስራ ቃል የሚበቅለው እዚያ ቦርሳ ውስጥ ይመስላት ነበር።

«አንቺም ተማሪ እንጂ፤ እናቷ አይደለሽ?» ትላታለች ዚነት እህቷን።

ራቢዓ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ ውላ የምትመለስ ሴት ናት። «አንቺ አለሽልኝ አይደል!» ትላለች፣ ነጠላ ጫማዋን እያወለቀች።

አለሽልኝ።

የዋጃዋ ሴት በመጣች በነጋታው ማለዳ መምህር ዋሲሁን ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከዚነት ጋር ያስተምር ነበር፤ አምና ስልጠና ገብቷል። ራቢዓ ቁጭ እንኳ ሳይል ክንዱን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችው።

«መምህር፣ አንተ ሰልጥነሃል። እባክህ ልጄን አርዳልኝ።»

«እትዬ ራቢዓ፣ እኔ እኮ…» ዋሲሁን አንገቱን አቀረቀረ። «አንድ ሳምንት ነው የሰለጠንን። ክፍሌ የማይሰማ ልጅ ገብቶ አያውቅም፤ የመጣውን ሁሉ ወደ ዚነት ነበር የምንልክ። ያወቅኳትም ጠፍታኛለች።»

«የቀረችህን ያህል። ስለ ፈጠረህ!»

ከልጅቱ ፊት ቁጢጥ አለ። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ዋሲሁን ትንሿን ጣቱን አገጩ ላይ አደረገ። ኢስራ ደስ አላት፤ አዎ፣ ዚነት! ከዚያ እጆቹን አጠላልፎ ዘረጋ፦ የለችም። ኢስራ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ የለችም፣ ሄዳለች፣ ይህን ማን አጣው? ዋሲሁን አንድ ጊዜ ያያት ምልክት ትዝ አለችው። መዳፎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ገለበጣቸው። ሞተች። ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለም።

ኢስራ ይቺን ምልክት አይታ አታውቅም። ዚነት አላስተማረቻትም፤ ለስምንት ዓመት ልጅ ምን ቸኮላት? ልጅቱ እጁን በትኩረት አየች። ትምህርት መሰላት። አውራ ጣቱ ተንጋዶባት ኖሮ ይዛ አቃናችለት፤ ድገም አለችው። ደገመ። አሁን ትክክል መሰላትና ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንስታ አርገበገበች። በዚነት ክፍል የሚጨበጨበው እንዲህ ነው።

«ውይ እኔን! እኔን ይድፋኝ!» አለች የዋጃዋ ሴት።

ዋሲሁን ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «አልቻልኩም እትዬ ራቢዓ። አልቻልኩም።»

«ታዲያ ምን ልትሆኑ ሰለጠናችሁ?» ጮኸችበት። ወዲያው ደግሞ ክንዱን ይዛ አስነሳችው። እሱ ምን ያድርግ? ለእሱም ቢሆን ዚነት ነበረችለት።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሀስና የሟችን ልብስ ለሰደቃ ሊሰጡ ከቤት ማውጣት ጀመሩ። ቀሚስ፣ ሻሽ፣ ጫማ። ኢስራ አስፋልቱን ትታ ዞር ስትል፣ በእሳቸው ክንድ ላይ ሰማያዊውን ቦርሳ አየች።

ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ሮጣ ነጠቀቻቸው። ቦርሳው እዚህ ከሆነ ዚነት በምን ሄደች? ከፈተችው። እጇን ከታ አወጣች፤ ጭብጧን ፈታች፤ ምንም የለም። ደግማ ከተተች። በመጨረሻ ገልብጣ አራገፈችው፤ ማበጠሪያና የጠመኔ ስብርባሪ መሬት ላይ ወደቀ።

ወደ እናቷ መጣች። እጆቿ ማውራት ጀመሩ። እንዲያ ሲፈጥኑ ራቢዓ አይታ አታውቅም። ዓረፍተ ነገር ነው፤ ብዙ ዓረፍተ ነገር። ድንኳን ሙሉ ሰው ተቀምጦ አንዲቷ እንኳ የገባው የለም። ዋሲሁን ቆሞ ያያል። ኢስራ ፊቶቹን አንድ በአንድ ተመለከተችና እጆቿን አቆመች። ከዚያ ዚነት ነገር ላልገባው ሰው እንደምታደርገው፣ ቀስ አለች። የእናቷን ቀኝ እጅ ያዘች። ጣቶቹን አጠፈች፣ ትንሿን ጣት አቆመች፣ ወስዳ የእናቷን አገጭ አስነካች። መዳፎቿን ገልብጣ ጠበቀች።

የራቢዓ ግራ እጅ ወደ አስፋልቱ ሊዘረጋ ተነሳ። መለሰችው።

የተቀመጠችበትን ሰሌን ገለጥ አደረገች። ከሥሩ አፈር ነው። የዚነትን ስም እንደያዘች ቀኝ እጇን ከአገጯ አወረደች፣ ዝቅ፣ ዝቅ፣ እስከ መሬት። የቆመችውን ትንሽ ጣት አፈሩ ላይ አጋደመቻት። በግራ እጇ አፈር ዘገነች። አለበሰቻት። መዳፏን ከላይ ጭና አላነሳ አለች።

ኢስራ የእናቷን መዳፍ ለማንሳት ጎተተች። ራቢዓ ተጫነች። በሁለት እጇ ጎተተች። ራቢዓ እንባዋ እየወረደ ራሷን ነቀነቀች፦ እምቢ፣ ልጄ። እምቢ።

ልጅቱ ለቀቀች። እናቷን አየቻት፤ ሴቶቹን አየቻቸው፤ ሲያለቅሱ ዛሬ ገና ያየቻቸው ይመስል። ከዚያ በጉልበቷ ተንበረከከች። በመጎተቷ ዙሪያውን የተበተነውን አፈር በሁለት መዳፎቿ ሰበሰበችና የእናቷ እጅ ላይ መለሰችው።