የፈረቃ አምስተኛ አልበም

ካሌብ ከሞተ በኋላ አምስት አልበም አወጣ። የመጀመሪያው የወጣው የሙት ዓመቱ በተዘከረበት ሳምንት ነው።

አንዷለም ያገኘው በአጋጣሚ ነበር። አዳማ ውስጥ መነፅር ቤት አለው። አልተርኔቲቭ ሮክ ስለሚወድ፣ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ኢንተርኔት ላይ ሙዚቃ የሚሸጡ ገፆችን በስልኩ ያስሳል። አንድ ቀን ጠዋት ከአዳዲሶቹ አልበሞች መሃል «ፈረቃ» የሚል ስም በአማርኛ ፊደል ተጽፎ አየ። ፈረቃ የእነሱ ባንድ ነበር። መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን፣ ጎፋ አንድ ጋራዥ ውስጥ፣ ተራቸው በደረሰ ቀን ብቻ የሚለማመዱ ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ፦ ካሌብ ድምፅና ጊታር፣ ሱራፌል ድራም፣ አንዷለም ቤዝ ጊታር። አንድም ዘፈን ሳይቀዱ ነው የተበተኑት።

የእሱ የባንክ ካርድ ለውጭ ግዢ ስለማይሠራ፣ ዱባይ ያለችው የሚስቱ እህት ገዝታ ፋይሉን ላከችለት። ስምንት ዘፈን ነው። ድምፁ የካሌብ ነው፤ «ሰ» ሲል በጥርሱ መሃል የምታፏጨው ነገር እንኳ አልቀረችም። አንዷለም ሁለት ጊዜ ሰማውና ደህና አልበም ነው ብሎ አሰበ። ጊታሩ ብቻ ትንሽ በዝቷል።

በዚያው ቅዳሜ አዲስ አበባ ሄዶ ለካሌብ እናት ለእትዬ ጥሩወርቅ አሰማቸው። ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ ደርበው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ድሮም ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይሆንለትም» አሉ። ቀጥለውም «ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ» አሉና ማዳመጫውን መለሱለት።

ከዚያ በኋላ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ አንድ አልበም ይወጣ ነበር። አራተኛው ላይ ድራም ገባ። ያ ዓመት ሱራፌል በኩላሊት ሕመም የሞተበት ነው፤ አልበሙ የወጣው አርባው ካለፈ በኋላ ነበር። አንዷለም ሱራፌል መሻሻሉን አስተዋለ። ያ የድሮ መቸኮሉ ለቆታል።

አምስተኛው ባለፈው ጥቅምት ወጣ። ከሽፋኑ ሥር የተጫዋቾቹ ስም ተዘርዝሯል። «ቤዝ ጊታር፦ አንዷለም ገብረየስ» ይላል።

አንዷለም በሕይወት አለ። በዚያች ሰዓት የአንዲት አስተማሪን መነፅር ብሎን እያጠበቀ ነበር። ሥራውን ጨርሶ፣ ሴትዮዋን ሸኝቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ቤዙ የእሱ ነው። በልጅነቱ ኳስ ሲጫወት የቀለበት ጣቱ ስለተሰበረ አንዳንድ ቦታ ላይ ለአፍታ ይዘገያል፤ መዘግየቱም አለ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ደግሞ አንድ ቦታ ስቷል። ከሁሉ ይልቅ ያ አበሳጨው።

ሚስቱ ወይንሸት ምሳ ይዛ ስትመጣ አንዱን ማዳመጫ ሰጣት።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«መቼ ተቀዳህ?»

«አልተቀዳሁም።»

የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፍታ መልሳ ገጠመችው። «እንግዲያው ገና ልትቀዳ ነው» አለች። «ጊታሩን ሽጠው።»

ቤዝ ጊታሩ ከአልጋው ሥር ተኝቶ ዓመታት ቆይቷል። በማግስቱ አንድ የሆቴል ባንድ ተጫዋች ወሰደው። ማክሰኞ ዕለት ዱባይ ካለችው የሚስቱ እህት መልእክት መጣ፤ ገፁ «አልበሙ ታድሷል፣ እንደገና ያውርዱ» ይላል። አወረደው። ቤዙ የለም። ካሌብ መዝፈን ይጀምርና ቤዝ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ያቆማል። ሱራፌልም ያቆማል። ከዚያ አራት ደቂቃ ዝምታ ነው። ስምንቱም ዘፈኖች እንደዚያው ናቸው።

ሌሎች ገዢዎች ቅሬታ ጻፉ። ከዋርሶ የጻፈ አንድ ሰው የተሰጠው ባዶ ፋይል መሆኑን ገልጾ ሌላ እንዲላክለት ጠየቀ። ከገፁ የተሰጠው መልስ አጭር ነው፦ «ባንዱ አንድ አባሉን እየጠበቀ መሆኑን አሳውቆናል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

በሳምንቱ ዝምታው ዘጠኝ ደቂቃ ደረሰ። አንዷለም ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ አዳመጠ። መጀመሪያ የወንበር መንቋቋት ሰማ።

«መጣ?» አለ ካሌብ።

«አልመጣም» አለ ሱራፌል።

«ደውልለት እስቲ።»

«ደውዬለታለሁ። መጣሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ ብሏል።»

አንዷለም ማዳመጫውን አወለቀ። ቃሉ የራሱ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አንድ ዓርብ፣ ሐዋሳ ሄደው ሊጫወቱ ተቀጣጥረው ነበር። በማግስቱ መነፅር ቤት ሥራ ሊጀምር ነው፤ ባንዱን እንደሚተው ለመንገር ግን አፉ አልደፈረለትም። በባዶ እግሩ ቤቱ ተቀምጦ «መንገድ ላይ ነኝ» እያለ ሦስት ሰዓት አስጠበቃቸው። በመጨረሻ ያለ እሱ ተነሡ፤ ሞጆን አልፈው ወደ ሐዋሳ ሲታጠፉ ጨልሞ ነበር። መኪናው ሲገለበጥ የሚነዳው ሱራፌል ነበር፤ እሱ ተረፈ። በካሌብ ቀብርም ሆነ ከዚያ በኋላ «የት ቀረህ?» ብሎ ጠይቆት አያውቅም። ቢጠይቀው ይሻለው ነበር።

ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ያን ቀን ለወይንሸት ነገራት።

«እና እስካሁን እየጠበቁህ ነው?»

«እየጠበቁኝ ነው።»

«ታዲያ ቁርጡን ንገራቸው እንጂ። ሰው እንዲህ ተገትሮ ይቀራል?»

ገፁ ላይ ለሙዚቀኛው የሚጻፍበት ቦታ አለ። አንዷለም ብዙ ጽፎ አጠፋ፤ በመጨረሻ ይህን ላከ፦ «አልመጣም። ያኔም አልመጣም ነበር። ይቅር በሉኝ። አትጠብቁኝ።» ያን ሌሊት ከባድ እንቅልፍ ወሰደው። ይህን ያህል ተኝቶ አያውቅም።

ሐሙስ አልበሙ እንደገና ታደሰ። አሁን አንድ ዘፈን ብቻ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ረፋድ ላይ ባልና ሚስት ከመነፅሮቹ መደርደሪያ ኋላ ተቀምጠው፣ ማዳመጫውን አንዳንድ ተካፍለው ከፈቱት።

«አልመጣም አለ» አለ ካሌብ።

«አየሁት።»

«እንግዲያው እኛ እንሂድለታ።»

ሽቦ ተጠቀለለ። ድራሙ ተጫነ። የጋራዡ በር ተዘጋና መኪና ተነሣ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ የሞተር ድምፅ ብቻ ነው፤ አልፎ አልፎ ካሌብ ያንጎራጉራል። የክፍያ መንገዱ መግቢያ ላይ አንዲት ልጅ «መልካም መንገድ» አለቻቸው። ብዙ ሄደው መኪናው ቀዝቀዝ አለ።

«ወደ ሐዋሳ እንዳትታጠፍ» አለ ካሌብ።

«አልታጠፍም።»

ዘፈኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ባጃጆች መሰማት ጀመሩ። ቀጥሎ በድምፅ ማጉያ ሎተሪ የሚሸጥ ሰው ድምፅ መጣ። ወይንሸት ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወጣች። የሎተሪው ሰውዬ አልጠፋም፤ ውጭ፣ ከሱቁ ማዶ፣ ያንኑ ቃል እያለ ነው።

«ስማ» አለች።

«እየሰማሁ ነው።»

ሞተሩ ጠፋ። የመኪና በር ተከፈተ። ሁለተኛው ተከፈተ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሦስተኛውም ተከፈተ፤ አልተዘጋም። ፋይሉ እዚያ ላይ አለቀ።

አንዷለም ነጩን ጋውን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ወይንሸት እጅጌውን ያዘችው። በመስታወቱ አሻግረው አስፋልቱን ተመለከቱ። ከሱቁ ፊት ምንም የቆመ ነገር የለም። ባጃጆቹ ግን እዚያ ሲደርሱ ቀዝቀዝ እያሉ፣ የአንድ መኪና ያህል ባዶ ቦታ ዞረው ያልፋሉ። የፓርኪንግ ሂሳብ የምትሰበስበው ልጅ መጣች። ሰዓቷን አይታ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ጎንበስ ብላም ወረቀቱን የዝናብ መጥረጊያ ሥር እንደሚሸጎጥ አድርጋ ሸጎጠችው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው መኪና ሄደች። ወረቀቱ አልወደቀም። አየር ላይ እንደተያዘ፣ ነፋስ ባለፈ ቁጥር ጫፉ ይርገበገባል።