የአሸብር ኩባያ

እብድ ናት ብሎ ከሰሰኝ። በሪሁን፣ የገዛ ባሌ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር! መፍታቱንስ ይፍታኝ፣ ደግ አደረገ። ግን «ልጄን ሶስናን ይዤ አገሬ ጎሬ እገባለሁ» ማለቱ ምን ይባላል? ገና አራት ዓመቷ እኮ ነው!

የአውራጃው ዳኛ ነገሩን ወደ ቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች መራው። ሕጉ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከእናቱ አይነጠልም ይላል፤ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር። የበሪሁን ከባድ ምክንያት ኩባያ ነበር።

ትልቁን ልጃችንን አሸብርን አምና የባሮ ወንዝ በላብን። አሹዬ ሰው ውሃ ሲጠጣ ካየ «የቀረውን ለእኔ!» ይል ነበር። እንስራ ሙሉ ውሃ አጠገቡ ቢኖርም የሰው ትራፊ ካልሆነ አይጥመውም። ከሞተ ወዲህ እኔ ጠጥቼ የተረፈኝን ከነኩባያው ደጃፍ ላይ አስቀምጥለታለሁ። ጠዋት ሳየው ጎድሎ ይገኛል። በሪሁን «ሙቀቱ ነው፣ የትናየት፤ የጋምቤላ ሙቀት ምን የማያደርቀው አለ?» ይለኛል። ይበል! እኔ ልጄን አውቀዋለሁ።

በሪሁን ለሽምግልናው ከአገሩ ሰዎች ባሻ ወልደየስን መረጠ። እኔ እዚህ ምን ዘመድ አለኝ? ጎረቤቴን አቶ አጓን ጠራሁ።

«እሱ አኙዋክ አይደለም እንዴ? በምን ዘመድሽ ሆነ?» ብለው በሪሁንና ባሻ ሳቁብኝ።

«አሹን ከባሮ ተሸክመው ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ከዚህ ወዲያ ዘመድ ከየት ላምጣ?» አልኩ። ተቀበሉኝ።

አቶ አጓ ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ሶስና አባቷ እግር ሥር አፈር ትጭራለች። በሪሁን የኩባያውን ነገር አንድም ሳያስቀር ዘከዘከው። «ለሙት ውሃ የምታስቀምጥ ሴት እንዴት ልጅ ታሳድጋለች?» አለ። ባሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

ብዙ ተናግሮ ጉሮሮው ደረቀ መሰለኝ፣ ውሃ ለመነ። የአቶ አጓ ሚስት በኩባያ ሰጡት። ግማሹን ጠጣ። ከዚያ ባሻን እያየ፣ ንግግሩንም ሳያቋርጥ፣ እጁን ወደ ጎን ዝቅ አድርጎ ኩባያውን ዘረጋ። በአሹ ቁመት ልክ። እስኪቀበሉት ድረስ እንደሚጠብቅ ሰው ይዞ ቆየ። እዚያ ጋ ማንም አልነበረም።

ሶስና ቀና አለችና፣ «አሹ፣ ለእኔም አስቀርልኝ» አለች።

አቶ አጓ ቀስ ብለው፣ «በሪሁን፣ ውሃውን ለማን ነው የሰጠኸው?» አሉት።

በሪሁን የገዛ እጁን አየ። ከዚያ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም። እርር ብዬበት የመጣሁት ሰውዬ አንጀቴን በላው።

ሶስና ከእናቷ ትሁን ተባለ። ባሻም እሺ አሉ።

በሪሁን በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ጎሬ ሄደ። ጋቢና ሲገባ በሩ ላይ ልጥፍ ብሎ ተቀመጠ፤ በእሱና በሾፌሩ መሃል ለትንሽ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቷል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ያን ቀንም ከጠጣሁት አስተርፌ ደጃፍ ላይ አስቀመጥኩ። ሙቀቱ ያው ሙቀት ነው። ጠዋት ወጥቼ ሳየው እንዳስቀመጥኩት ነው። ዛሬም እንዳስቀመጥኩት ነው፤ ጠብታ አይጎድልም።

ለሶስናስ ሽማግሌ ተቀመጠ። አሹዬን ለአባቱ ማን ፈረደለት?