ለልጄ የተዋስኩት ዊልቸር

መሀል መንገድ ላይ ብትወድቅብንስ? ከነጋ ይህን ስንቴ እንደጠየቅሁ እኔም አላውቅም። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኛል።

ልጄ የጡት ካንሰር ሕክምናዋን ከጨረሰች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ዛሬ ደግሞ ለታማሚዎች ገንዘብ የሚሰበሰብበት የእግር ጉዞ አለና ቤተሰቡ በሙሉ ሊወጣ ነው። ሐኪሟ መራመድ ይጠቅማታል ብሏል። እሱ ምን አለበት! ሌሊት ስታቃስት የምሰማት እኔ እንጂ እሱ አይደለም።

ስለዚህ ከጎረቤታችን ዊልቸር ተውሼ መጣሁ። ምን አለፋኝ! የልጄ ባል መካኒክ ነው፤ ጎማ ካየ አላስችል ይለዋል። ወዲያው ገልብጦ ዘይት ያጠጣው ጀመር።

“እማማ፣ ፍሬኑ እኮ አይይዝም።”

“ምንጣፌን! አንተ ሰው፣ ምንጣፌን!”

አቁሞት ገና እጁን ሳይጠርግ የልጅ ልጄ ዘላ ተቀመጠችበትና ስልኳን ደቀነች።

“ተነሽ አንቺ! ጤነኛ ሰው እዚያ ላይ አይቀመጥም!”

“ታዲያ ለማን ነው ያመጣሽው?” አለች ልጄ ከመኝታ ቤት ብቅ ብላ። ሮዝ ካናቴራዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ ጨርሳለች።

“ለእማማ ጉልበት ነው” አለ ባሏ ቶሎ ብሎ።

“ቀጣፊ! ላንቺ ነው እንጂ። ድንገት ቢደክምሽ ብዬ…”

“እማዬ፣ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ያን ያህል የምቆየው ለምን ይመስልሻል?”

“ወረፋ ነው ብለሽኝ የለ?”

“ስለማመድ ነበር። ዛሬ እስከ መጨረሻው በእግሬ ካልሄድኩ በሽታው የለቀቀኝ አይመስለኝም።”

አፌ መች ያርፋል! “እሺ በእግርሽ ሂጂ። እሱ ባዶውን ከኋላ ከኋላሽ ይከተል።”

“እኔ ምን ገዶኝ፣ እገፋለሁ” አለ መካኒኩ።

“ከባዶ ዊልቸር ጋርማ አብሬያችሁ አልሄድም፤ ጓደኞቼ አሉ!” አለች የልጅ ልጄ።

“ጓደኞችሽ ገደል ይግቡ! እናትሽ ትበልጣለች ጓደኞችሽ?”

“ፍሬኑን ላጥብቀውና…”

“ትራስ አምጪ! ብርድ ልብስም!”

ልጄ አንድ በአንድ አየችን። በሩን ዘግቶ የቆመውን ዊልቸር በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ወጣች።