ሁለተኛው ግብዣ

ከመስታወቱ ግድግዳ ወዲያ ስድስት ሰዎች ቡናቸውን ይዘው ወንበር ወንበራቸውን ያዙ፤ ሰባተኛው ወንበር ባዶ ነበር። ሐምራዊት ከጠረጴዛዋ ሆና ትመለከታቸዋለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ የጭነት ዕቅድ ክፍሉን ለመምራት የታጩት ሰዎች ስም ይነበባል። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሮተርዳም የደረሱ ስንት መርከቦች በእሷ ዕቅድ ተራግፈዋል! ስሟ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ድርጅቱ ጥቁር ሴቶችን ለኃላፊነት ለማብቃት መርሐ ግብር ከዘረጋ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለእያንዳንዷ ሠራተኛ አንድ የበላይ ኃላፊ ስፖንሰር ሆኖ ይመደብላታል፤ ሥራውም እሷ በማትገባበት ክፍል ውስጥ ስሟን ማንሣት ነው። የሐምራዊት ስፖንሰር ማሬይከ ቀና ሴት ናት። ሰኞ ዕለት ብዕሯን አንሥታ፣ «ስምሽን ላቅርበው?» ስትል ጠየቀቻት።

ሐምራዊት አንገቷን ደፍታ፣ «አይ፣ ከእኔ የሚሻሉ አሉ፤ እነሱ ይቅደሙ» አለች። ያደገችበት ቤት ያስተማራት ይህንኑ ነበር፤ ጨዋ ሰው በመጀመሪያው ጥሪ ከማዕድ አይቀርብም። ይለመናል፣ ክንዱን ይዘው ይጎትቱታል፣ ከዚያ በኋላ እጁን ይታጠባል።

ማሬይከ አልለመነችም። «ውሳኔሽን አከብራለሁ» ብላ ብዕሯን ከደነች።

ማክሰኞ በአሳንሰር ውስጥ ተገናኝተው ስለ ዝናቡ አወሩ። ረቡዕ ሐምራዊት ሆን ብላ በማሬይከ ደጃፍ ሦስት ጊዜ አለፈች። ማታ በሜትሮ ባቡር ካፔለ ወዳለው ቤቷ ስትመለስ ስልኳን በመዳፏ ይዛ፣ የምትደውልለት ሰው አጣች። በሰባተኛው ፎቅ እሷን የምትመስል ሴት የለችም፤ እናቷም በሕይወት ብትኖር «ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» ነበር የምትላት።

አሁን፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከጠረጴዛዋ አጠገብ የጽዳት ጋሪ መንኮራኩር ሲንቋቋ ቀና አለች። እማማ ለተሃይማኖት ነበሩ፤ አማርኛን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የለመዱ፣ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው ኤርትራዊት።

«ምነው ፊትሽ እንደ ሆግቭሊት ፋብሪካዎች ሰማይ ጠቆረ?»

ነገረቻቸው። አሮጊቷ መወልወያቸውን ተደግፈው ሣቁ።

«አይ አንቺ! እኔም እንደመጣሁ ጎረቤቴ ምሳ ጋበዘችኝ። በልቻለሁ አልኳት፤ ሳህኑን አነሣችው! ርቦኝ ቤቴ ገባሁ። ይኸው ሠላሳ ዓመቴ፣ ‹በሞቴ› የሚል ሆላንዳዊ አላየሁም።»

«አሁን ገብቼ ስጡኝ ብል፣ ምን ይሉኛል እማማ?»

«ምኑን ዐውቄ፣ ልጄ? እኔ እዚያ ክፍል የምገባው ጠረጴዛውን ልወለውል ነው።»

ጋሪው ርቆ ሄደ። ወለሉ ላይ የሳሙናው ሽታና ያልደረቀው እርጥበት ቀረ። ሐምራዊት ተነሣች። እርጥቡ ወለል ላይ የጫማዋ ዱካ ተከተላት። የመስታወቱን በር አንኳኳችና መልስ ሳትጠብቅ ገፋችው።

ስድስቱም ዞሩ።

«ማሬይከ፣ ሰኞ እምቢ ያልኩሽ ስለማልፈልግ አልነበረም። ክፍሉን መምራት እፈልጋለሁ። እችላለሁም።»

የገዛ ድምፅዋ እንግዳ ሆነባት። አንደኛው ሰው ሰዓቱን ተመለከተ። ማሬይከ ከወረቀቱ ወደ ሐምራዊት፣ ከሐምራዊት ወደ ባልደረቦቿ ዐይኗን አዞረች፤ ከዚያም የብዕሯን ክዳን በቀስታ ከፈተች፤ ሆኖም ገና ምንም አልጻፈችም።

«ተቀመጪ» ያላት አልነበረም። ሐምራዊት እንደ ልማዷ ጥቂት ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ባዶውን ወንበር በገዛ እጇ ሳበች።