ከመሃል መንገድ የተሳፈሩ ቃላት

ማስታወቂያው የተለጠፈው በሾፌሮች ማረፊያ ክፍል፣ ከቁልፍ ማንጠልጠያው ጎን ነበር። ከከተማ ገጠር የሚመላለሰውን መስመር በወሩ መጨረሻ ሌላ ድርጅት ይረከበዋል። ለዚህኛው ድርጅት የሚቀሩት እርሻ ሊጎበኙ የሚመጡ የውጭ እንግዶችን የሚያጓጉዙ ሚኒባሶች ናቸው። እነሱን የሚይዘው ደግሞ በመንገዱ ላይ የሚታየውን ነገር በእንግሊዝኛ መጥራት የቻለ ሾፌር ብቻ ነው። ያልቻለ ግቢ ውስጥ ይቀራል፤ ሥራውም መኪኖችን ከማቆሚያ ወደ እጥበት፣ ከእጥበት ወደ ማቆሚያ ማንቀሳቀስ ይሆናል።

ፍሬን ማስታወቂያውን እስከ ማኅተሙ አነበበችው። ፍሬን ያሏት ባልደረቦቿ ናቸው፤ ፍሬኑን ደጋግማ ረግጣ ሳትፈትሽ ከመናኸሪያ ወጥታ አታውቅም።

"ግቢ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ?" አለች አጠገቧ ለቆመው አንጋፋ ሾፌር። "እሱ መንዳት አይደለም፤ በር መክፈትና መዝጋት ነው።"

"ለእኔ ጉልበት ይሻላል" አላት። "በዚህ ዕድሜዬ ምላሴን አላጣምምም።"

"እኔ አጣምማለሁ።"

በእነሱ ሥራ መንገድ የሚለመደው በአፍ ነው። አዲስ ሾፌር ከነባሩ ጎን ይቀመጥና ከመናኸሪያው በር ጀምሮ መንገዱን ጮክ ብሎ ይጠራል። መብራት፣ ቀንስ። ድልድይ፣ ሁለተኛ ማርሽ። ፋብሪካ፣ ከግራ ጭነት መኪና ይወጣል። አንዱን ከዘለለ እንደገና ከበሩ ይጀምራል። ፍሬን መንገዱን የተማረችው እንዲህ ስለነበር እንግሊዝኛውንም እዚያው ላይ ጫነችው። ማታ ስልኳ ላይ ቃል ትፈልጋለች፤ ጠዋት ቃሉን በቦታው ትጥለዋለች። "ትራፊክ ላይት" ትላለች ፍሪሲዮን እየረገጠች። "ብሪጅ" ትላለች ማርሽ እየቀነሰች። ከተማው አልቆ ማሳው ሲጀምር "ፊልድ"፣ የሽቦው አጥር ጋ "ፌንስ"፣ ከብቶች የሚያቋርጡበት ጋ "ካው"፣ ሰዎች ጀሪካን ደርድረው ውሃ የሚቀዱበት ጉድጓድ ጋ "ዌል"።

ዶሮ ታቅፋ ከኋላዋ የተቀመጠች ነጋዴ አንገቷን አስግጋ፣ "ይቺስ ምን ትባላለች?" አለቻት።

"ሄን።"

"እንግዲያው ዋጋ ልጨምርባት ነው። የተማረች ሆነች።"

የፈተናው ቀን ሲደርስ ፍሬን መንገዱን ሙሉ በሙሉ ይዛው ነበር። ፈታኙ በአንድ ወቅት የራሷ ረዳት የነበረ፣ ማታ ማታ ተምሮ ቢሮ የገባ ሰው ነው። በማረፊያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ የሥዕል ካርዶች ተከምረዋል።

"እባክዎ ይቀመጡ" አላት።

"ዛሬ ደግሞ አንቱ ሆንኩ? እንድንነሳ 'እትዬ ሳቢው' እያልክ በር ስትደበድብ አልነበር?"

"ፈተና ላይ ሰው ሁሉ አንቱ ነው" አለና የመጀመሪያውን ካርድ አነሳ።

የውሃ ጉድጓድ ነበር። ፍሬን አወቀችው፤ የጀሪካኖቹ ቀለም ሳይቀር ታያት። ቃሉ ግን የለም። ምላሷን ላንቃዋ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። አልመጣም።

"ከመናኸሪያ ልነሳ" አለች በመጨረሻ።

"ምን አሉ?"

እጆቿን ጠረጴዛው ላይ መሪ እንደያዘ ሰው አኑራ፣ ግራ እግሯን ከወንበሩ ሥር ወደፊት ዘረጋች። "ጌት። ትራፊክ ላይት። ማርኬት። ብሪጅ። ፋክተሪ።" ኩርባው ላይ ትከሻዋ ዘመም አለ። "ፊልድ። ፌንስ። ካው። ዌል። ይኸው፣ ዌል።"

ሁለተኛው ካርድ አጥር ነበር። እንደገና ከበሩ ተነሳች። ሦስተኛው ላይ ፈታኙ ካርዱን ወደ ጠረጴዛው መለሰውና አንቱታውን ረሳ።

"እትዬ፣ ሁሉንም ታውቂዋለሽ። ግን እንግዳው በመስኮት ሲጠቁምሽ አንቺ ገና መናኸሪያ ነሽ። ላሟ እስከዚያ ትጠብቅሻለች?"

"አትጠብቅም።"

"ቅዳሜ ድጋሚ ፈተና አለ። ከዚያ በኋላ እኔም ምንም ላደርግልሽ አልችልም።"

እናቷ ከገጠር መጥተው አብረዋት ይኖራሉ። ማታ የሆነውን ስትነግራቸው በረንዳው ላይ አተር እየፈለፈሉ ነበር። ጨርሰው ሰሟትና ሳቁ።

"እማዬ፣ ያስቃል እንዴ? ግቢ ሊያስቀሩኝ እኮ ነው።"

"የሳቅኩት በአንቺ ሞኝነት ነው። መሃል መንገድ ላይ እጁን የሚዘረጋውን ሰውዬ ከመናኸሪያ አልተነሳህም ብለሽ ታልፊዋለሽ?"

"አቆምለታለሁ እንጂ።"

"ለመውረድስ?"

"ወራጅ አለ ካለ አወርደዋለሁ።"

"ታዲያ ቃል ከሰው በምን በልጦ ነው ከመናኸሪያ ካልተሳፈረ የምትይው?" አሉና ባዶውን የአተር ልጣጭ ወረወሩባት።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ሰላም አጣ። ፍሬን ፊቷን ስትታጠብ ከጓዳ፣ "ወራጅ አለ፣ አጥር!" ይላሉ እናቷ። ጫማዋን ስታስር፣ "ወራጅ አለ፣ ገበያ!" ይላሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ በልቧ ወደ መናኸሪያው በር እየሮጠች ትመልስ ነበር፤ እሳቸው ግን አይታለሉም።

"ገና መናኸሪያ ነሽ። ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አየሁት።"

"መለስኩ አይደል?"

"ዞረሽ ነው የመለስሽው። ደግሞ ያን ቀን በአውቶብስሽ ስትወስጂኝ ያየናትን ካው ማለትሽ አላማረኝም። ጊደር ናት፤ አልወለደችም።"

"ለእንግዳ ላም ይበቃዋል፣ እማዬ።"

"ላልወለደች ላም ማለት ሰው መዋሸት ነው። ፈልጊላት።"

በማግስቱ ፍሬን አውቶብሱ ውስጥ ለራሷ ሕግ አወጣች። ተሳፋሪ "ወራጅ አለ" ሲል መውረጃው ያለበትን ነገር ስም በእንግሊዝኛ እስክታገኝ እግሯ ፍሬኑን አይረግጥም። ደግሞ በሐሳብም ወደ መናኸሪያው በር መመለስ የለም። በሹፍርና ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን ዘግይታ የያዘችው ያን ቀን ነው። ፋብሪካው ጋ የሚወርዱት ሠራተኞች በሩን አለፍ ብለው ወረዱ፤ እያጉረመረሙ ወደኋላ ተመለሱ። ከሁሉ የባሰበት ግን ወፍጮ ቤት የሚወርደው ሰውዬ ነው።

"ወራጅ አለ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ" አለ።

ወፍጮ ቤቱ መጣ። ቃሉ አልመጣም። ወፍጮ ቤቱ አለፈ። አውቶብሱ የቆመው የእርሻ ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ነበር፤ እሱንም የሚቀጥለው ወራጅ ጠርቶት 'ፌንስ' ስለመጣላት።

"እህቴ፣" አለ ሰውዬው ከረጢቱን እያወረደ፣ "ትምህርት የጀመርሽው አንቺ ነሽ። የእኔ እግር ለምን ይቀጣል?"

"ይቅርታ ወንድሜ። ቃሉ ጠፍቶብኝ ነው።"

"ቃሉ ከጠፋ ወፍጮው አለ አይደል። በዓይንሽ እያየሽው እኮ ነው ያለፍሽው።"

በሚቀጥለው ቀን ያው ሰው ገና አንድ እግሩን ደረጃው ላይ እንዳሳረፈ፣ "ልጄን ጠይቄ መጣሁ" አላት። "ሚል ነው። ዛሬ እንዳታሳልፊኝ።"

አላሳለፈችውም። ቃሉ ከእሱ ጋር ተሳፈረ፣ ከእሱ ጋር ወረደ። ሌሎቹም ነገሩ ሲገባቸው አገዟት። መውረጃቸውን ቀድመው አይናገሩም፤ ድንገት ነው የሚጮኹት። ባለዶሮዋ ነጋዴማ በየመታጠፊያው "ወራጅ አለ" ትልና ፍሬን ስታቆም፣ "ስፈትንሽ ነው፣ ሂጂ" ትላለች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶብሱ በየቦታው፣ ልክ በቦታው ቆመ። ፍሬን መናኸሪያ ገብታ ሞተር ስታጠፋ ነው ቀኑን ሙሉ የመነሻውን በር እንዳላሰበች ያወቀችው።

ቅዳሜ ፈታኙ ካርዶቹን እንደ ቁማርተኛ ደጋግሞ በወዛቸው።

"ካርድ ባወጣህ ቁጥር 'ወራጅ አለ' በልልኝ" አለችው።

"ፈተና ነው። አይቻልም።"

"እሺ። በሆዴ እለዋለሁ።"

ድልድይ። "ብሪጅ።" ወፍጮ። "ሚል።" መብራት። "ትራፊክ ላይት።" ላም ሲያነሳ ሥዕሉን ጠጋ ብላ አየችው። "ጡት አላት። እንግዲያው ካው ናት። ባትወልድ ሄፈር እልህ ነበር።" ፈታኙ ቀና ብሎ አያትና ወደሚቀጥለው አለፈ። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ነበሩ፤ ቀኝ እግሯ ግን በየካርዱ ወለሉን ይጫናል።

ከዚያ ረጅም ባቡር ዋሻ ውስጥ ቆሞ የሚያሳይ ካርድ ወጣ።

"ይሄ በመንገዴ የለም" አለች። "ምን ይባላል?"

"ሰብዌይ። ግን አላወቁትም ብዬ እይዛለሁ።"

"ያዝ። በየት ነው የሚሄደው?"

"ከመሬት በታች፣ በትልልቅ ከተሞች።"

ፍሬን ዓይኗን ጨፍና ከተማውን በሐሳቧ አሰሰች። በየሜትሩ በቃል የተያዘ ነው። ከድልድዩ ሥር ግን፣ የደረቀው ወንዝ ላይ፣ ምንም አልነበረም። ባቡሩን እዚያ አስገባችው። "ቀጥል" አለችው።

ቀጠለ። ካርዶቹ ሁሉ ተነስተው ሲያልቁ ፈታኙ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ እጁን ወደ ተገለበጡት ካርዶች ሰዶ የባቡሩን መዞ አወጣ፤ ሳያስበው ይመስላል፣ በድሮው የረዳት ድምፁ፣ "ወራጅ አለ" አለ።

ቀኝ እግሯ ወለሉን ተጫነ። "ሰብዌይ።"

ካርዱን አስቀመጠ፤ ብዕሩን አንስቶ ቀደም ሲል 'አላወቁትም' ብሎ የጻፈውን ሰረዘ። "እንግዶቹ ሰኞ ጠዋት ይገባሉ" አለና ከማንጠልጠያው የሚኒባስ ቁልፍ አውርዶ ዘረጋላት። "ዛሬ መስመሩን ሞክሪው።"

ግቢው ውስጥ አንጋፋው ሾፌር የታጠበ አውቶብስ ወደኋላ እያስገባ ነበር። ሲያያት ጥሩምባውን አጭር አድርጎ ነፋላት። ፍሬን ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ ወንበሩን ወደፊት አስጠጋች፣ መስታወቱን አስተካከለች።

ፈታኙ የሚኒባሱን በር በመዳፉ መታ መታ አደረገው። "ሳቢው፣ እትዬ።"

"ቆይ" አለችው። "መጀመሪያ ፍሬኑን።"