የባቡሩ ታችኛው ግማሽ

ሐኪሙ ባሌ ለፋሲካ በሕይወት መድረሱን እርግጠኛ እንዳልሆነ በነገረን ሳምንት፣ በርናርድ ከሥራ ጠረጴዛው የታችኛው መሳቢያ አንድ ጥቅልል እንዳመጣለት ጠየቀኝ። በአሮጌ ጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ከመዳፌ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነበር። አልጋው ላይ ባለው ትሪ ላይ አስቀምጬ ክሩን ፈታሁለት። ጋዜጣው ሲገለጥ ስድስት ትንንሽ መንኮራኩሮችና አንድ ሞተር ወጡ፤ የቀረው እንደተፈረከሰ ብስኩት ግራጫ ፍርፋሪ ነበር። በርናርድ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገውና ጣቱን ፒጃማው ላይ ጠረገ።

«ቀደመኝ» አለ።

ፍርፋሪው የአንድ ሞዴል ባቡር ሻሲ ነበር፣ መንኮራኩሮቹንና ሞተሩን የሚይዘው ማቀፊያ። በተጋባን በሁለተኛው ዓመት በርናርድ የአንዲት ትንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ሞዴል ገዛ፤ ክፍሎቿ ተለያይተው በሳጥን የሚመጡ፣ ገዢው ራሱ እየበየደ የሚገጣጥማት። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ሳጥን የሚይዘው የላይኛውን ግማሽ ብቻ ነው፤ ውሃ የሚፈላበትን ቦይለር፣ ጭስ ማውጫውንና የነጂውን ክፍል። ታችኛውን ግማሽ፣ ማለትም ሻሲውን ከነመንኮራኩሩና ከነሞተሩ፣ ከሱቅ ከተገዛ ሌላ ሞዴል መውሰድ ያስፈልጋል። በርናርድም አንድ ገዝቶ ላዩን ጣለ፤ ታቹን ጠቅልሎ ለጡረታው አስቀመጠ። ያን ሞዴል የሚሠራው ፋብሪካ ካቆመ ሠላሳ ዓመት አልፎታል።

ጡረታ ሲወጣ በኋለኛው መኝታ ክፍል ዙሪያውን ሐዲድ ዘረጋ። ሌሎች ባቡሮች ሠራ። ይህችን ግን ሁልጊዜ ለሚመጣው ዓመት ያሳድራት ነበር። የጀመራት ባለፈው መኸር፣ ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ መቆም ሲያበዛ ነው። ለገና የላይኛው አካሏ አልቆ ጥቁር ተቀብቶ ነበር።

የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ሐዲድ ላይ አንድ ዙር ስትሄድ ማየት። ሌላ አልጠየቀም። ቄሱ መጥተው ግማሽ ሰዓት ስለ እግር ኳስ ተጫውተው ሄዱ።

ለምን እሷን እንደመረጠ አውቃለሁ። በአሥራ አምስት ዓመቱ የከተማችን ባቡር ፋብሪካ በተለማማጅነት ሲገባ፣ የመጀመሪያ ሥራው የዚሁ ዓይነት እውነተኛ ሎኮሞቲቮችን ቦይለር ሙቀቱ እንዳያመልጥ በአስቤስቶስ ማልበስ ነበር። ነጩን ዱቄት በባልዲ በውሃ ያቦኩታል። በምሳ ሰዓት ልጆቹ እያድቦለቦሉ እንደ በረዶ ይወራወሩበታል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሳንባው ውስጥ የተገኘውና ያሳመመው እሱው ነው። በርናርድ ሎኮሞቲቯን አልተቀየማትም። እሷ ምን አጠፋች ይል ነበር። እኔ መደርደሪያው ላይ ሳያት ፊቴን አዞራለሁ።

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ፤ የምፈልግለትን ሻሲ ከሌላው መለየት ግን አልችልም። በርናርድ የሦስቱን ጥንድ መንኮራኩሮች ርቀት በሚሊሜትር ለክቶ ካርድ ላይ ሣለልኝ። መሃለኛው ልክ መሃል ላይ አይደለም፣ ወደ ኋላ ጠጋ ያለ ነው፣ በሱ ትለዪዋለሽ አለኝ። ካርዱን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ በሰሜን አገር ያሉትን የሞዴል ባቡር ሱቆች ሁሉ በስልክ ጠየቅኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰዎች አሮጌ የሞዴል ባቡር ወደሚለዋወጡባቸው የቤተ ክርስቲያን አዳራሾች መሄድ ጀመርኩ። እርጥብ ካፖርትና የማሽን ዘይት የሚሸቱ አዳራሾች ናቸው፤ ከሻይ ቀጂዎቹ በቀር ሴት አይታይባቸውም።

በሦስተኛው አዳራሽ፣ የተሰበረና የቆረፈደ ዕቃ ብቻ የሚሸጥ ወፍራም ሰው ጠረጴዛው ፊት ስቆም ቀና ብሎ አየኝ።

«ባለቤትዎ መኪና እያቆሙ ነው፣ እናቴ?»

«አልጋ ላይ ነው» አልኩት። በሌላ መንገድ ማለት እችል ነበር።

ሰውየው ሳንድዊቹን አስቀመጠና እጁን ጠርጎ ካርዱን ተቀበለኝ። ወደ መብራቱ አስጠግቶ አነበበው። የዚያ ፋብሪካ ሻሲ ሁሉ ዕጣው መፈራረስ እንደሆነ ነገረኝ። ሻሲው የተሠራበት ዚንክ ሲቀልጥ ትንሽ እርሳስ ገብቶበታል፤ ለዓመታት ደህና መስሎ ይቆይና አንድ ቀን ከውስጥ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይፈርሳል። መድኃኒት የለውም። የመጨረሻውን ሲል የሚናገረው ነገር የሚያሳፍር መስሎት ድምፁን ቀነሰ።

ከጎኑ ያለው ነጋዴ ጆሮ ጥሎ ኖሯል። «ክሊፎርድ ፔል ጋ ሁለት አለ» አለ።

«ክሊፎርድማ ምን ያደርግላታል» አለ ወፍራሙ። «ሚስት ቢያገባ እንኳ ከነላስቲኳ ነበር የሚያስቀምጣት።»

«ለዚህ አይደል ሳያገባ የቀረው። መክፈት ግዴታ ነው ሲሉት ጊዜ ተወው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ እኔን አስታወሱና ተዉት።

ክሊፎርድን እኔም አውቀዋለሁ። ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ይኖራል፤ ዕድሜውን ሙሉ በውሃ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ሞዴሎቹን አያስኬድም። በሳጥናቸው፣ ላስቲካቸው ሳይቀደድ፣ በየመደርደሪያው ደርድሯቸዋል። እንደሱ ላሉ ሰዎች ላስቲኩ አንዴ ከተቀደደ ዕቃው አለቀለት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ የባቡር ክበባቸው ለሕዝብ ክፍት በሆነበት ቀን፣ ክሊፎርድ ለእይታ ካስቀመጣቸው አንዱን በርናርድ ሳያስፈቅድ ከፍቶ ልጆች ፊት ሐዲድ ላይ ለቀቀው። ባቡር ነው፣ ይሂድ እንጂ አለ። ክሊፎርድ ሳጥኖቹን ሰብስቦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ክበቡ ውስጥ አንዱ የሻይ ማፍያው ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ይቀመጣሉ፤ አይነጋገሩም።

ለበርናርድ ሳልነግረው ሄድኩ። ክሊፎርድ አስገባኝ፤ ሻይ በወተት አቀረበ። የምናገረውን እስክጨርስ ሳያቋርጥ ሰማኝ።

«እሱ ነው የላከሽ?»

«አይደለም። መምጣቴንም አያውቅም።»

ዞር ብሎ መደርደሪያውን አየ። ከቆመበት ሆኖ፣ ሊያስቀይመኝ እንደማይፈልግ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «ማሪዮን፣ አንዴ ከተከፈተ ሌላ ነገር ነው የሚሆነው» አለኝ። እንደገባኝ ነገርኩት። ሻዬን እስከ መጨረሻው ጠጥቼ ኩባያውን ወጥ ቤቱ ድረስ ወሰድኩለት። ቤት ስገባ በርናርድ የት ቆየሽ ሲለኝ ፋርማሲ አልኩት።

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ክሊፎርድ በራችንን አንኳኳ። ሱፉን ለብሶ ከረባት አሥሯል። ካፖርቱ ውስጥ በላስቲክ ከረጢት የተጠቀለለ ሳጥን ነበር። ወደ ላይ አወጣሁት።

በርናርድ ትራሱ ላይ እንደተደገፈ አየው። «ክሊፎርድ። ለሬሳ ሳጥን ልትለካኝ መጣህ?»

«ልከፍተው ነው የመጣሁት» አለ ክሊፎርድ።

ቢላ ጠየቀኝ፤ የድንች መላጫውን አመጣሁለት። ላስቲኩን በጠርዙ በኩል ቀስ ብሎ ቀደደው። ክዳኑን ሲያነሳ ሞዴሉ ነጭ ስፖንጅ ውስጥ ተኝቷል፤ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ያበራል። ከላይ ይዞ አነሳው። የላይኛው ግማሽ እጁ ላይ መጣ። የታችኛው ግማሽ ስፖንጁ ውስጥ ቀረ፣ በአምስት ወይ በስድስት ቁራጭ፣ ዙሪያው ግራጫ ዱቄት።

በርናርድ ይቀልዳል ብዬ ጠበቅኩ። አልቀለደም። «ሁለተኛውስ?» አለ።

ክሊፎርድ ባርኔጣውን ሳያደርግ በዝናቡ ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ሳጥን ይዞ ተመለሰ። ይህን ቤቱ ውስጥ ብቻውን ከፍቶት ነበር፤ ክዳኑን አንስቶ አሳየን። አንድ ዓይነት ነው። አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለና «ስልሳ አራት ሳጥን አለኝ» አለ። መሽቶ ስንት ሰዓት እንደሆነ እስክነግረው ድረስ ለመሄድ አልተነሳም።

በማግሥቱ በርናርድ አስጠራው። መንኮራኩሮቹ ደህና ናቸው፣ ሞተሩም ደህና ነው፣ የጠፋው ማቀፊያው ብቻ ነው፤ ከነሐስ ቆርቆሮ ሁለት ጎን ቆርጦ፣ ቀዳዳ በስቶ፣ አዲስ መሥራት ይቻላል አለው።

«መጋዝ ይዘህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አሥራ አምስት ዓመቴ እያለሁ አላውቅም ነበር። ተቀመጥ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሊፎርድ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል። ትሪውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቆርጣል፣ ይሞርዳል፤ በርናርድ በእያንዳንዱ ጥቂት ቃል መሃል እየተነፈሰ ያዘዋል። ሻይ ይዤ ስወጣ እሰማቸዋለሁ። ሞረድ ነው የያዝከው፣ የጥርስ ብሩሽ አይደለም ይለዋል በርናርድ። ክሊፎርድ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጸጥታ ላይ ነበርኩ፣ ምን አመጣኝ ይላል። ያን ሰሞን በርናርድ በቀን ግማሽ ሳህን ሾርባ ይጨርስልኝ ነበር። የመጀመሪያው ጥንድ ጎን ተጣመመና ተጣለ። ሁለተኛው ደህና መሰለ፤ ግን የዘንጎቹ ቀዳዳዎች በጥቂቱ ተላልፈዋል። መንኮራኩሮቹ ገብተው ሐዲድ ላይ ሲያስቀምጡት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ሄዶ ነክሶ ተቀርቅሮ ቆመ።

«እንደገና» አለ በርናርድ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የተናገረው።

ያን ሳምንት የሕመም ማስታገሻው በቀን ሁለት ጊዜ ከሚሰጠው ወደ ቀን ሙሉ የሚንጠባጠበው ተለወጠ። በርናርድ አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል። መጋዙ እንዳይረብሸው ክሊፎርድ ሦስተኛውን ጥንድ ወጥ ቤት ውስጥ፣ የምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ጀመረ። ረቡዕ ዕለት ቤት ለቤት የምትመጣዋ ነርስ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝና ዘመድ ካለ አሁን ቢጠራ ጥሩ ነው አለችኝ። እኔ የምጠራው ዘመድ አልነበረኝም። ወጥ ቤት ገባሁ።

ክሊፎርድ ገና ቀዳዳ አልበሳም ነበር። ስንት ቀን እንደሚፈልግ ጠየቅኩት፤ አምስት አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያልኩት። ሞተሩን ብቻውን ባትሪ ላይ አገናኘው፣ የላይኛውን አካል ትሪው ላይ ባለ የሐዲድ ቁራጭ ላይ እናስቀምጠዋለን፣ አንተ ከትሪው ኋላ ሞተሩን ይዘህ አዙረው፣ ሄደች በለው አልኩት።

«ማሪዮን፣ እሱ እኮ ይሰማል።»

«ዓይኑን አይገልጥም።»

«ስለ ጆሮው ነው የምልሽ።»

«እባክህ» አልኩት። ከዚያ በፊት ለምኜው አላውቅም፤ ቤቱ በሄድኩ ቀን እንኳ።

ወደ ላይ ወጣን። እኔ ጥቁሯን ነገር ሐዲዱ ላይ አስቀመጥኩ። ክሊፎርድ ተንበርክኮ ሽቦውን አገናኘ። ቀጭን፣ ፈጣን ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ለእኔ ጆሮ ባቡር ነበር።

«በርናርድ፣ ሄደችልህ» አለ ክሊፎርድ። «እንደ ሰዓት ነው የምትሄደው።»

በርናርድ አልተንቀሳቀሰም። አልሰማም ብዬ አሰብኩ፣ ትንሽም እፎይ አልኩ። ከዚያ ከንፈሩ ተላወሰ።

«ባዶውን ነው» አለ። ተነፈሰ። «ሞተሩ ምንም አልተሸከመም።»

ዓይኑን ገለጠና ክሊፎርድን አየው። መስኮቱ አጠገብ ወደቆምኩት ወደ እኔ አልዞረም።

«ዘጠኝ ዓመት ቆይተህ፣ ልትዋሸኝ ነው የመጣኸው? ውጣ።»

ክሊፎርድ ሽቦውን ነቀለ። ከጉልበቱ ለመነሳት አልጋውን መደገፍ ነበረበት። ባርኔጣውን አንስቶ ሲወጣ እኔንም አላየኝም። ያሰብኩት እኔ ነኝ ብዬ ለበርናርድ ልነግረው የምችልበት ጊዜ ያ ነበር። ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካከልኩለት።

አርብ ከቀትር በፊት ሞተ። ለፋሲካ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ አንዴ ውሃ ፈልጎ፣ አንዴ መስኮቱ እንዲከፈት። ሁለት ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ አልነገርኩትም።

በአስከሬኑ ስንብት ዕለት ክሊፎርድ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። በኋላ ክበቡ ውስጥ ሰው ሳንድዊች ይዞ ቆሞ ሲያወራ፣ ጥግ ላይ ብቻውን አገኘሁት። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አቋረጠኝ።

«ተይው» አለ። «በኔ መናደድ ለምዶታል። ባንቺ ቢሆን አይችለውም ነበር።»

ኩባያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ፣ ወለሉን እያየ፣ ሦስተኛው ጥንድ ልክ መምጣቱን ነገረኝ። ያን ረቡዕ ሲወጣ ሥራውን ይዞት ሄዷል፤ እሁድ ዕለት በራሱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስኬዶታል፤ አልነከሰም። የላይኛውን አካል ከሰጠሁት አንድ ላይ ገጥሞ ሊያመጣልኝ ይችላል፣ ከፈለግኩ።

አምጣው አልኩት። የላይኛውን አካል በዚያው ሳምንት በጫማ ሳጥን አድርጌ በሩ ላይ አደረስኩለት። አሁን ጥቅምት ነው። አላመጣውም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።