የሰርከሱ ርክክብ

ወልደ ሚካኤል ጭንቅላቱን መጫወቻ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ከቶ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ እንደ ጸጉር የቀጠነች ሽቦ ከቦታዋ ለማሰር ሲታገል ሚስቱ ሻሺቱ በሠራተኞች ክበቡ መስኮት ብቅ አለች።

"ወልዴ! መኪናው በሩ ላይ ቆሟል። ሰውየው መጣ!"

ባትሪውን ከአፉ አወጣ። "ስንት ሰዓት ነው?"

"ሦስት ከሩብ። መብራት አለ?"

"እስከ አምስት ሰዓት አለ።"

"ያቺ ሴትዮስ ወጣችልህ?"

"አራት ደረጃ ትወጣና አምስተኛው ላይ ትቀራለች። ሽቦዋ ናት እንጂ እሷ ደህና ናት።"

"በል እንግዲህ ቅዱስ ሚካኤል ይርዳህ። ሸሚዝህንም ሱሪህ ውስጥ አስገባ። ሥራ የሚለምን ሰው እንዲህ አይዝረከረክም።"

ሻሺቱ የምትለውን ታውቃለች። እርሻ ልማቱ ለግል ሊሸጥ ነው ከተባለ ወዲህ ከትራክተሩ እስከ ማንኪያው ሁሉም ነገር በጨረታ እየወጣ ነው። በክበቡ ንብረት ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለው ወልደ ሚካኤልም ከሥራ ከተሰናበተ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። የሚኖሩባት ሁለት ክፍል ቤት የእርሻ ልማቱ ስለሆነች በወሩ መጨረሻ ቁልፏን ማስረከብ አለባቸው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ገረሴ፣ ልጃቸው ቤተልሔም ዘንድ። ቤተልሔም አራት ልጆች፣ አንዲት ጠባብ ቤትና አማቶቹ በመጡ ቁጥር ፊቱ የሚጠቁር ባል አላት።

ሌላ መንገድ የተከፈተው ባለፈው ሳምንት ነው። ሶዶ ላይ መዝናኛ ቤት የከፈቱት አቶ ጋሻዬ ጨረታውን አሸንፈው መጡ፤ ማሽኑን ዞር ዞር እያሉ አዩና፣ "በዓይኔ ፊት ከሠራ እወስደዋለሁ። ግን ይህን ጉድ የሚያውቅ ሰው ከሌለኝ ምን ያደርግልኛል? አንተስ ሶዶ ብትመጣ? ማደሪያ ክፍልም አለኝ" አሉት። ሻሺቱ ይህን በሰማች ማግስት ፍራሹን ጠቅልላ በገመድ አሰረችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ባልና ሚስት የሚተኙት ሰሌን ላይ ነው።

ማሽኑን ሠራተኛው ፍሊፐር ይለዋል፤ ወልደ ሚካኤል ግን ሰርከሱ ነው የሚለው። በንጉሡ ዘመን መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች ትተውት የሄዱት ባለ አራት እግር ረጅም ሳጥን ነው፤ ላዩ በመስተዋት የተከደነ፣ ራስጌው ላይም ሌላ መስተዋት የቆመለት። በቆመው መስተዋት ላይ ቀይና ቢጫ ድንኳን፣ በርሜል ላይ የወጣ ዝሆንና በእሳት ቀለበት የሚዘል አንበሳ ተሥለውበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ነጭ ልብስ የለበሰች ሴት በዥዋዥዌ ተንጠልጥላለች። በተኛው መስተዋት ሥር የብረት ኳሷ ስትለቀቅ ከበሮ የሚመስሉ ሦስት ክብ ነገሮች እየተቀባበሉ ያንጣጥሯታል፤ በአንድ ትንሽ ቀለበት ስታልፍ ቀለበቱ ይሽከረከራል። መሀል ላይ ቀይ አፍንጫ ያለው ቀልደኛ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ኳሷን ይውጥና ዓይኑን ሁለቴ አብርቶ መልሶ ይተፋታል። ሠራተኛው ይህን ቀልደኛ "ካቦ" ብሎ ሰይሞታል፤ እንደ ሥራ ተቆጣጣሪያቸው የሰው ላብ ይውጣል ሲሉ ነው። "ይህስ ይተፋል፣ የኛው ካቦ መቼ ተፍቶ ያውቃል?" የሚል ግን አይጠፋም ነበር።

ሴትዮዋ ለብቻዋ ናት። ኳሷ ጎንና ጎን ካሉት አምስት ምልክቶች አንዱን በመታች ቁጥር ከመስተዋቱ ጀርባ አንድ አምፖል ይበራና ሴትዮዋ አንድ ደረጃ ከፍ ትላለች። አምስተኛው ሲበራ የድንኳኑ ጫፍ ላይ ትደርሳለች፤ ያኔ ደወሉ ይጮሃል፣ ሆዱ ውስጥ ያለው መዶሻ ሳጥኑን "ቋ!" ያደርገዋል፣ ለተጫዋቹም አንድ ጨዋታ በነጻ ይሰጠዋል። ኳሷ እንዳታመልጠው ማሽኑን በጉልበቱ የሚገፋ ካለ ደግሞ ውስጡ የተንጠለጠለች ብረት ዙሪያዋን ያለውን ቀለበት ትነካና መብራቱ ሁሉ ድርግም ይላል። "አኮረፈ!" ይላሉ ያን ጊዜ። ካኮረፈ የሚያስታርቀው ወልደ ሚካኤል ነው።

አስታራቂነቱን በዋዛ አላገኘውም። ኳሷን የሚያነጥሩት ጎማዎች ሲበሰብሱ ከትራክተር ካላማዳሪያ እየቆረጠ ተካቸው። ኳሷን የሚመታው ጥቅል ሽቦ ሲቃጠል ዶርዜ ድረስ ወጥቶ የሸማኔ አባቱን የክር መጠቅለያ ተዋሰና ስምንት መቶ ዙር እየቆጠረ እንደገና ጠቀለለው። ያደረገውን ሁሉ ደግሞ ጻፈ። ንብረት ክፍል ያሳደገው ሰው ነውና ያልተጻፈ ነገር ለእሱ እንዳልተሠራ ነው። "ወረቀት የሌለው ንብረት የተሰረቀ ንብረት ነው" ማለት ይወዳል። በዚህ ስንት ጊዜ ተላግጦበታል! አንዲት ያልተመዘገበች ሚስማር እንኳ ቤቱ ገብታ አታውቅም።

አቶ ጋሻዬ የመኪና ቁልፍ በጣታቸው እያሽከረከሩ ገቡ። ጨረታውን የምታስፈጽመው ወይዘሮ ወሰንየለሽ ቅጿንና ካርቦኗን ደረቷ ላይ አቅፋ ተከተለቻቸው።

"እህስ፣ ነፍስ ዘራ?" አሉ አቶ ጋሻዬ።

"ይሞክሩት ጌታዬ። ብቻ አይግፉት፣ አኩራፊ ነው።"

ማሽኑ ሲበራ ድንኳኑ ከውስጥ ወገግ አለ። አቶ ጋሻዬ የኳሷን መተኮሻ ሳቡና ለቀቁ። ከበሮዎቹ ተቀባበሏት፣ ካቦው ዋጠና ተፋት፤ ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን ሳቁ። ወልደ ሚካኤል ግን ከሴትዮዋ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። አንድ። ሁለት። ሦስት። ወሰንየለሽ እንኳ ቅጿን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ተጠጋች። አራት። ወልደ ሚካኤል በልቡ፣ "የኔ እመቤት፣ ዛሬ ብቻ፣ ዛሬን ብቻ ውጪልኝ" አለ። ኳሷ ግራውን ምልክት ገጨች፤ አምስተኛው አምፖል በራ፣ ደወሉ ጮኸ፣ "ቋ!"

"ወይ ጉድ!" አሉ አቶ ጋሻዬ ትከሻውን መታ አድርገው። "አንተ ሰው እጅህ ይባረክ! በቃ፣ ይጫን።"

ወልደ ሚካኤል ሶዶ ላይ ያለችውን ክፍል፣ ፍራሹ የሚዘረጋበትን ጥግ ሳይቀር በዓይነ ሕሊናው አየ።

ወሰንየለሽ ካርቦኑን በሁለቱ ቅጾች መሀል አደረገች። "ተራ ቁጥር አንድ፣ የመጫወቻ ማሽን ከነትራንስፎርመሩ። ሌላ ተያያዥ ነገር አለው፣ ጋሽ ወልደ ሚካኤል?"

የለም ማለት ይችል ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሱ ደግሞ ርክክብ ላይ መደበቅን እንጂ መጠርጠርን ኃጢአት አድርጎ... አይ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ ሁለቱንም ኃጢአት አድርጎ ነው የኖረው። ደግሞም ችሎታውን ሊያሳይ ጓጉቷል።

"አለው እንጂ!" አለና ከመሳቢያው ጥራዙ በጨርቅ የተሰፋ ወፍራም ደብተር አወጣ። "ሙሉ የጥገና ደብተሩ። ይመልከቱት ጌታዬ፣ ምን ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ፣ የትኛው ሽቦ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ በሥዕል ጭምር።"

አቶ ጋሻዬ ገለጡት። መጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎ ቀስ ብለው።

"ይህን ሁሉ የጻፍከው አንተ ነህ?"

"እኔው ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ፈጅቶብኛል።"

"ማንም ቢያነበው ይገባዋል እኮ።"

"እንዲገባ ብዬ ነዋ!" አለ ወልደ ሚካኤል በኩራት። "ተራ ቁጥር ሁለት በይው፣ ወይዘሮ ወሰንየለሽ። የጥገና ደብተር፣ ብዛት አንድ።"

ጻፈችው። አስረካቢ በሚለው ሥር ፈረመ፤ ተረካቢ በሚለው ሥር አቶ ጋሻዬ ፈረሙ።

ጭነቱን ራሱ መራው። ኳሷ በመንገድ ላይ እየተንከባለለች መስተዋቱን እንዳትሰብር አውጥቶ ኪሱ ከተታት። እግሮቹን ፈትቶ አሰረ። የቆመውን መስተዋት ከቤት ባመጣው የራሱ ብርድ ልብስ ጠቀለለው። የአቶ ጋሻዬ አይሱዙ የጭነት መኪና ከጫኖ መንደር ሙዝ ጭኖ ነበርና ሰርከሱን ሙዙ ላይ፣ ቅጠል አንጥፈው አስተኙት። አቶ ጋሻዬ ጋቢና ገብተው ደብተሩን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

"እንግዲህ እኔና ባለቤቴ መቼ እንምጣ ጌታዬ?" አለ ወልደ ሚካኤል በሩን ይዞ።

አቶ ጋሻዬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር።

"ስማኝ ወልደ ሚካኤል። የእህቴ ልጅ ሶዶ ላይ ሬዲዮ ይጠግናል። እኔ ሰው የፈለግኩት እኮ የሚያውቀው የለም ብዬ ነው። አሁን ደብተሩ ሁሉን ይናገራል። ለሁለት ሰው ደመወዝ ከየት አመጣለሁ?"

"ማደሪያ ክፍል አለ ብለውኝ..."

"እሱን ለልጁ ነው የማደርገው። አትቀየመኝ።"

"እንግዲያው ደብተሬን..." ብሎ እጁን ዘረጋ።

አቶ ጋሻዬ ወደ ወሰንየለሽ ተመለከቱ። ወሰንየለሽ መሬት መሬት እያየች፣ "ተራ ቁጥር ሁለት ላይ ነው ጋሽ ወልደ ሚካኤል። ፈርመዋል እኮ" አለች።

ፈርሟል። በዚህ ምድር ላይ ይህን ቃል ከሱ የበለጠ የሚያከብር ሰው የለም። እጁን ከበሩ ላይ አነሳ። አይሱዙው አቧራውን አስነስቶ ወደ ዋናው መንገድ ሲታጠፍ፣ ብርድ ልብሱ አብሮ መሄዱ ትዝ ያለው ያን ጊዜ ነው።

ሻሺቱ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ የታሰረው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። በሩ ላይ ሲቆም ፊቱን አይታ ተነሳች።

"አልሠራም?"

"ሠራ። አምስተኛውም በራ።"

"ታዲያ?"

ነገራት። ሲነግራት ምንም አልቀነሰም፤ ደብተሩን ማንም ሳይጠይቀው እንዳወጣው፣ ተራ ቁጥሩንም ራሱ እንዳስጻፈ። ሻሺቱ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"ወይኔ ሻሺቱ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ነው የምሰማው። ሃያ ሁለት ዓመት ያንን ወረቀት ሙጭጭ ብለህ ይዘህ፣ ዛሬ የምትለቀው ምን ነክቶህ ነው? ጭንቅላትህን ነው እኮ ያስረከብከው!"

"እውነትሽን ነው።"

"እውነትሽን ነው ይለኛል እንዴ! የቤተልሔም ባል ፊት ምን ብዬ ልቁም?"

ወልደ ሚካኤል ሰሌኑ ላይ ዝርፍጥ ሲል አንድ ነገር ጭኑን ቆረቆረው። እጁን ኪሱ ከቶ አወጣ። ኳሷ ናት። መዳፉ ላይ ከብዳ፣ የሻሺቱን የበዓል ቀሚስ አሳንሳ እያሳየች ታበራለች። ቅጹ ላይ አልሰፈረችም፤ ተራ ቁጥር ሦስት የለም።

ሻሺቱ ጎንበስ ብላ፣ "ያለዚህች ይሠራል?" አለች።

"አይሠራም።"

"ምንም አይሠራም?"

"ምን ይዞ ይጫወታል?"

"ታዲያ ይመጣል!" ፊቷ በአንድ ጊዜ በራ። "ሶዶ ደርሶ፣ ሰዉን ሰብስቦ፣ ሲያጣት ተመልሶ ይመጣል እኮ! ያኔ ኳሷ ያለችው እኔ ጋ ነው፣ እኔና ኳሷ አንለያይም ትለዋለህ። አቤት የእግዜር ሥራ! አትሰጠውም፣ ሰማኸኝ? እንደለመድከው በቅጽ እንዳትሰጠው!"

ወልደ ሚካኤል እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፈተ። የደብተሩ ገጽ አርባ ሦስት ፊቱ ላይ ተገልጦ ታየው፤ በራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ በቀይ ተሠምሮበት። የፈረንጆቹ ኳስ ከጠፋች ዘጠኝ ዓመት ሊሆናት ነው። ያኔ የትራክተር ኩሽኔታ እየፈታ ሦስት ዓይነት ኳስ ሞክሮ፣ ልኩን አግኝቶ ጽፎታል፦ "ኳሱ ቢጠፋ አያሳስብም። ከትራክተር ትልቁ ኩሽኔታ የሚወጣው ድብልብል ብረት ልክ ይሆናል። በየጋራዡ ይገኛል።"

ሻሺቱ ኳሷን ከእጁ ወስዳ በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች ነበር። እንዲህ ስትስቅ ካያት ስንት ጊዜው ነው?

"የት ላስቀምጣት?" አለች።

"ሳጥኑ ውስጥ" አለ ወልደ ሚካኤል። "ከጋብቻ ወረቀታችን ጋር አድርጊያት።"

ሳጥኑን ከፍታ አስቀመጠቻትና ቆለፈች። ቁልፉን አንገቷ ላይ ካለው ክር ጋር አሰረች። ከዚያ ወደ ፍራሹ ዞራ፣ "እስኪመጣ ድረስ ልፍታው ይሆን?" አለችው።

"ተይው" አላት። "እንደታሰረ ይቆይ።"